ሰርቨሩን ቀድመህ አትቆራርጠው

የዛሬው ጥያቄ እዚሁ ሐዋሳ የአንድ ላብራቶሪ ሰርቨሮችን ከሚያስተዳድር ወንድማችን ነው፦

«ሦስት ሰርቨር አለን። እያንዳንዱ 32 ኮርና 128 ጊጋ ሜሞሪ አለው። ሁሉንም አራት አራት ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተከፈለ ትንሽ ሰርቨር) አድርጌ ከፋፍዬ ለስለርም፣ ማለትም የተላኩ ሥራዎችን (ጆቦችን) ለሰርቨሮች ለሚያከፋፍለው ሶፍትዌር ሰጠሁት። አሁን 60 ጊጋ የሚፈልግ ጆብ ሲላክ አልቀበልም ይላል። ማሽኖቹን አጥፍቼ መጠናቸውን ቀይሬ አስነሳለሁ፤ በዚህ መሀል የሌላው ሰው ጆብ ይሞታል። መጠኑን እንደ ወረፋው የሚቀያይር ስክሪፕት እንዴት ልጻፍ?»

ስክሪፕቱ ይቅርብህ። የያዝከው ነገር አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ዓሣውን ቆራርጦ ጨርሶ፣ ሙሉ የሚፈልግ ገዢ ሲመጣ መርፌና ክር እንደ መፈለግ ነው። መቁረጡን ለስለርም ተውለት፤ ሥራው እሱ ነው።

ቨርቹዋል ማሽኖቹን አንሳና ሙሉ ሰርቨሩን ስጠው። የስለርም ማዋቀሪያ ፋይል ላይ መምረጫውን «ኮንስ ትሬስ» (cons_tres፤ ሰርቨሩን ለጆቦች እየቆረሰ የሚሰጥበት ዘዴ) በለው፤ መለኪያው ኮርና ሜሞሪ ይሁን። ያኔ 60 የጠየቀው 60 ይወስዳል፣ በቀረው ላይ ትንንሾቹ ይገባሉ። ሜሞሪ ሳይጠቅስ የሚልክ ተማሪ አይጠፋም። ለእሱ በኮር 3 ጊጋ ነባሪ አስቀምጥ፤ አለበለዚያ አንዷ ጆብ የኖዱን (የሰርቨሩን) ሜሞሪ ጠቅልላ ትይዛለች። ከጠየቀው በላይ እንዳይበላም በሲግሩፕ (ሊኑክስ የፕሮግራሞችን ሜሞሪና ኮር በሚገድብበት መሣሪያ) ገድበው።

ፋይሉ ላይ ግን የሰርቨሩን ሜሞሪ 128 ብለህ እንዳትጽፍ! ከሜሞሪው የተወሰነውን ሲስተሙ ይይዛል። የጻፍከው ቁጥር በእውነት ካለው ከበለጠ፣ ስለርም «ሜሞሪ አንሷል» ብሎ ኖዱን ከሥራ ያወጣዋል። እኔ በዚህ ጣጣ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ፤ ሜሞሪው የተበላሸ መስሎኝ ሰርቨሩን ፈትቼው ነበር። «ስለርም ዲ» የሚባለውን ትዕዛዝ ከሰረዝና ከትልቁ ሲ ጋር (slurmd -C) ጥራው፤ ያየውን መጠን ይነግርሃል። ከዚያ ላይ 4 ጊጋ ያህል ቀንሰህ ጻፍ።

ጆብ ሁሉ የጊዜ ገደብ ይኑረው። ትልቁ ጆብ ቦታ ሲጠብቅ ስለርም ትንንሾቹን በመሀል የሚያስገባው፣ መቼ እንደሚያልቁ ካወቀ ነው።

ለሌላ አገልግሎት ብለህ ቨርቹዋል ማሽን መያዝ ግድ ከሆነብህስ? ዝም ብለህ አታጥፋው። መጀመሪያ ድሬይን አድርገው፤ አዲስ ጆብ አይቀበልም፣ የያዘውን ግን ይጨርሳል። ባዶ ሲሆን መጠኑን ቀይር፣ ፋይሉን ሁሉም ኖድ ላይ አንድ ዓይነት አድርግ፣ የስለርም አገልግሎቶቹን ሪስታርት አድርግ። ከዚያ ሪዚዩም በለው፤ ማለትም ወደ ሥራ መልሰው። ይህችን የመጨረሻዋን ከረሳህ ኖዱ ባዶውን ቆሞ ያድራል።