ከነገለባው ዱቄት የሚጋገር የፍራፍሬ ዋፍል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

የዋፍል ማሽን በየቤቱ እየገባ ነው መሰል፣ በዚህ ጉዳይ የደረሱን ጥያቄዎች በርክተዋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ሰብስበናል። ከችግሮቹ አብዛኞቹ መነሻቸው ውሃ መሆኑን ግን አስቀድመን እንናገር፦ ያልተነፋ ዱቄት ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ፍራፍሬ ደግሞ ውሃውን የሚለቀው የማሽኑ ክዳን ከተዘጋ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ በሙሉ የስንዴ ዱቄት የጋገርኩት ዋፍል ከማሽኑ ሲወጣ ጥሩ ነው፤ ሰሃን ላይ ትንሽ እንደቆየ ግን ልፍስፍስ ይላል። ውስጡም አሸዋ አሸዋ ይላል። ነጭ ዱቄት ግማሽ በግማሽ ብቀላቅልበት ይሻላል? (ከአዲስ አበባ፣ አያት)

መልስ፦ ነጭ ዱቄት አያስፈልግዎትም። መጀመሪያ ሰሃኑን እንይ። ትኩስ ዋፍል ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲቀመጥ ከውስጡ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ያጣና ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይገባበታል። የሽቦ ፍርግርግ ላይ ያሳርፉት፤ ፍርግርግ ከሌለ ሁለቱን እርስ በርስ አስደግፈው ያቁሟቸው። መደራረብማ ጨርሶ አይሆንም።

ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። ነጭ ዱቄት 4 ደቂቃ ከበቃው፣ ያልተነፋው ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ይፈልጋል። የማሽኑን መብራት ብቻ አይመኑ፤ መብራቱ የሚነግርዎ የብረቱን ሙቀት እንጂ የሊጡን መብሰል አይደለም። ከጎን የሚወጣውን እንፋሎት ይከታተሉ። መጀመሪያ ይበረታል፣ ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሊጠፋ ሲቃረብ ነው የሚከፈተው። ክዳኑ አልነሳም ካለ አያስገድዱት፣ አንድ ደቂቃ ይጨምሩለት።

አሸዋ አሸዋ የሚለው ገለባው ውሃ ሳይጠጣ ስለተጋገረ ነው። መፍትሔው ሊጡን ማሳረፍ ነው፤ ሆኖም ቤኪንግ ፓውደር ገብቶበት ብዙ ከቆየ ጋዙ እየባከነ ይሄዳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ለ6 መካከለኛ ዋፍል 180 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 60 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይቀላቅሉ። 360 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ የ2 እንቁላል አስኳል፣ 75 ሚሊ ሊትር ዘይት (5 የሾርባ ማንኪያ) እና በሹካ ልሞ የተፈጨ አንድ የበሰለ ሙዝ ይጨምሩበትና አዋህደው ለ20 ደቂቃ ይተዉት። ሲመለሱ ሊጡ ወፈር ብሎ ያገኙታል፤ ከጭልፋ ሲፈስ ሪባን እየሠራ መውረድ አለበት። ከዚያ በላይ ከወፈረ በ1 የሾርባ ማንኪያ ወተት ያላሉት።

አሁን ማሽኑን ይሰኩ። እስኪግል ድረስ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር በሻይ ማጥለያ እየነፉ ሊጡ ላይ ይበትኑ፤ ሳይነፋ ከገባ ጓጉሎ ይቀርና የሚመር ነጭ ነጥብ ይሆናል። የሁለቱን እንቁላል ነጭ ለብቻው አረፋው ቀጥ ብሎ እስኪቆም መትተው በሁለት ዙር፣ ከታች ወደ ላይ እያነሱ ያዋህዱ። ትንሽ ነጭ ነጭ ቢታይ ግድ የለም። ላዩን ኩርሽም፣ ውስጡን ለስላሳ የሚያደርገው ይህ አረፋ ነው፤ እንቁላሉ ሳይለይ ከገባ ያልተነፋ ዱቄት ከባድ ሆኖ ይቀራል።

የቤኪንግ ፓውደሩ መጠን ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ከተሞች የተባለ ነው። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ጋዙ ይበልጥ ይነፋል፤ ሲበዛ ሊጡ ቶሎ ያብጥና ሳይጠነክር ይሟሽሻል። እንደ ድሬዳዋ ያለ ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ አገር የምትኖሩ ሁለት ተኩል አድርጉት።

ጥያቄ፦ ወፍጮ ቤት ያስፈጨሁት ስንዴ ሻካራ ነው። ብነፋው ጥቅሙ ይሄዳል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አዎ፣ በወንፊቱ ላይ የሚቀረው እኮ አብዛኛውን ቃጫ (ፋይበር) የያዘው ገለባ ነው። ሁለተኛ ዙር ያስፈጩት። ያ ካልተመቸ በቀጭን ወንፊት ይንፉና ወንፊቱ ላይ የቀረውን አይጣሉት፤ የአሰራሩን ወተት ሞቅ አድርገው ገለባውን ለብቻው ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፣ ከዚያ ከነወተቱ ወደ ሊጡ ይመልሱ። ያልተነፋ ዱቄት የስንዴው ሽል ዘይት ስላለበት እንደ ነጭ ዱቄት አይቆይም። ከወፍጮ እንደመጣ በስሱ ዘርግተው ያቀዝቅዙት፤ ከአንድ ወር በላይ የሚያስቀምጡት ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን። ቆየት ያለ የዘይት ሽታ ካለው ዋፍሉንም ያመርረዋል።

ጥያቄ፦ ማንጎና እንጆሪ ከትፌ ሊጡ ውስጥ ስጨምር ዋፍሉ ይቀደዳል፣ ፍሬው ብረቱ ላይ አርሮ ይቀራል። ፓፓያ የጨመርኩ ቀን ደግሞ መረረኝ። (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ፍራፍሬን እንደ ውሃው መጠን ለይቶ ማየት ይበጃል። ሙዝ ተፈጭቶ ሊጥ ውስጥ ሲገባ ያስራል፣ ያጣፍጣል፣ ስኳር ያስቀንሳል። የአርባ ምንጩ ሙዝ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ሲያወጣ ለዚህ ሥራ ደርሷል ማለት ነው። ከአንድ በላይ ግን አያስገቡ፤ ሁለት ሲሆን ውስጡ እንደ ገንፎ ይሆናል። አፕልም ጥሩ ነው። የጨንቻን የመሰለ ጠንካራውን ከነልጣጩ በሞረድ ፍቀው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቀው፣ አንድ እፍኝ ያህል ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ጋር ይጨምሩ። የተጨመቀውን ውሃ አይድፉት፤ ከወተቱ ላይ በዚያው ልክ ቀንሰው ይተኩበት።

ማንጎ፣ እንጆሪ፣ አናናስና ፓፓያ ቦታቸው ከላይ ነው። ሊጥ ውስጥ ሲገቡ ጭማቂያቸው ዙሪያቸውን ያረጥበዋል፤ ዋፍሉ የሚቀደደው በዚያ መስመር ነው። ብረቱን የነካው ቁራጭ ደግሞ ስኳሩ ይቃጠልና እንደ ሙጫ ይይዛል። የግድ ውስጥ ይግባ ካሉ በአተር ፍሬ መጠን ይክተፉት፣ በወረቀት ፎጣ ያድርቁት፣ በ1 የሻይ ማንኪያ ዱቄት ያሹት። ከዚያ ሊጡን ብረቱ ላይ ካፈሰሱ በኋላ ከላይ በተን አድርገው በሌላ ትንሽ ሊጥ ይሸፍኑት፤ ፍሬው ከታችም ከላይም ብረት አይነካም።

ለላዩ የሚሆን ሶስ ለመሥራት 200 ግራም ማንጎ ወይም እንጆሪ ያለ ስኳርና ያለ ውሃ በትንሽ እሳት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያብስሉት። ራሱ ባወጣው ውሃ ይበስላል፤ ሲወፍር ጥቂት ሎሚ ጠብ ያድርጉበት። ስለ ፓፓያው መምረር፦ እሳት ያልነካቸው ፓፓያና አናናስ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ስላላቸው ከወተት ጋር ሲቆዩ ያመርራሉ። እርጎ ላይ ከሆነ ሊበሉ ሲሉ ብቻ ያድርጉት፤ በእሳት ከበሰሉ ግን ችግር የለም።

ጥያቄ፦ «የማያጣብቅ» የተባለ ማሽን ገዝቼ ይጣበቅብኛል። ለጤና ብዬ ዘይት አላስገባም። (ከአዳማ)

መልስ፦ ምክንያቱን ራስዎ ተናግረውታል። ዋፍል እንደ ፓንኬክ አይደለም፤ በሁለት ብረት መካከል ተይዞ ነው የሚበስለው፣ ስለዚህ ቅባቱ ሊጡ ውስጥ መኖር አለበት። 75 ሚሊ ሊትሩ ለስድስት ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያነሰ ነው። ከ60 በታች አይውረዱ። ብረቱን በብሩሽ ሳሳ አድርገው ዘይት ይቀቡት። በቆርቆሮ የሚመጣውን የሚረጭ ዘይት ግን ይተዉት፤ ቆይቶ ብረቱ ላይ ቡናማ ሙጫ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ያጣበቀው ሊጡ ሳይሆን ሙጫው ነው። ሙጫ ካለ ማሽኑን ነቅለው ገና ሞቅ እንዳለ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ መሐሉ ላይ አኑረው ለጥቂት ደቂቃ ይዝጉት፣ ከዚያ ይጥረጉ። በብረት አይፋቁት፣ ውሃ ውስጥም አይንከሩት።

ንጥር ቅቤ ከዘይቱ በከፊል ሊተካ ይችላል፤ ለጋው ቅቤ ግን ያለው የወተት ተረፍ ያርራል። በኮረሪማ የተነጠረው ከማንጎ ጋር አይስማማም፣ ከአፕል ጋር ግን አይጣላም።

ጥያቄ፦ ለጾም እንዴት ይሠራል? ሞክሬ እንደ ላስቲክ ሆነብኝ፣ ቀለምም አልያዘ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እንቁላሉ ሁለት ሥራ ነበረው፦ ማሰርና መንፋት። ለማሰሩ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ6 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ ዝልግልግ ሲል ደርሷል። ለዚህ ያልተቆላው ከተቆላው ይሻላል። ተልባው ግን አይነፋም። ስለዚህ ከ360 ሚሊ ሊትሩ ፈሳሽ 200ውን የሱፍ ወተት (ሱፉ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ የተጠለለው) ወይም የአኩሪ አተር ወተት ያድርጉ፤ ቀሪውን 160 ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ። እናንተ ዘንድ አምቦ ከሌለ ማንኛውም ጋዝ ያለው ውሃ ይሆናል። አምቦው የሚገባው ሊጡ ካረፈ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው፤ ከገባ በኋላ ሳይቆዩ ይጋግሩ። ስንዴውን ብዙ ማማሰል ነው ላስቲክ የሚያደርገው፤ ዱቄቱ እንደረጠበ እጅዎን ያንሱ።

ቀለም ያልያዘው ቡናማ የሚያደርገው የወተቱና የእንቁላሉ ፕሮቲንና ስኳር ስለሌለ ነው። ፍሬው ወጥቶ በሙቅ ውሃ ረጥቦ የተፈጨ 3 ቴምር ያስገቡና ስኳሩን ይተዉት። ዘይቱን 90 ሚሊ ሊትር ያድርጉ፣ ክዳኑን ከ7 ደቂቃ በፊት አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ የዋፍል ማሽን ላከችልኝ። ሶኬቱን በአዳፕተር አስገብቼ ልጠቀም? (ከአዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ)

መልስ፦ አይሰኩት! አዳፕተር የሚቀይረው የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ነው። ማሽኑን ገልብጠው ታች የተጻፈውን ያንብቡ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ሲገባበት ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። 900 ዋት የነበረው ወደ 3,000 ዋት ይጠጋል፤ ማሞቂያ ሽቦው ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። 220 ወደ 110 የሚያወርድ፣ አቅሙ ቢያንስ 1,500 ዋት የሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ያን ያህል የሚሸከመው ከባድና ውድ ስለሆነ፣ እዚሁ 220 ቮልት የሆነ ማሽን መግዛቱ ሊቀልልዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ሙሉ እህል ስለሆነ እንደልቧ ብትበላ ችግር አለው? ስኳሩንስ በማር ብንተካው? (ከጎንደር)

መልስ፦ እንደልብ አይባልም። ከላይ በሰጠነው አሰራር አንዱ ዋፍል ከ35 እስከ 40 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚህ ውስጥ ቃጫው 4 ግራም ገደማ ነው። የላመ ዱቄት ሙሉ እህል ቢሆንም ዱቄት ነው። ማርም ያው ስኳር ነው፤ እንዲያውም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር የበለጠ ካርቦሃይድሬት አለው። የሊጡን ስኳር ይተዉት፣ ሙዙን ግማሽ ያድርጉ፣ ለእርሳቸው ግማሽ ወይም አንድ ዋፍል ካልጣፈጠ እርጎ ወይም ከእንቁላል ጋር ያቅርቡ። ጭማቂ ከጎኑ አይጨመርም። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መጠኑን ከሚከታተላቸው ሐኪም ጋር ይወስኑ።

በነገራችን ላይ፣ ለትንሽ ልጅም የሚሠሩ ካሉ፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ስንዴ የማይስማማው ልጅ አለኝ። በጤፍ ብቻ ይሆናል? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ይሆናል። 240 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ እንቁላሉን 3 ያድርጉት፣ ማረፊያውን 30 ደቂቃ። ጤፍ ግሉተን (የስንዴን ሊጥ የሚያያይዘው ፕሮቲን) ስለሌለው ሲወጣ ትኩስ እያለ ይሰበራል፤ ክዳኑን ከፍተው ግማሽ ደቂቃ ያቆዩትና በእንጨት ማገላበጫ ያንሱት። ልጁ ሴሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) እንዳለበት በሐኪም ከተረጋገጠ ግን ወፍጮውን ያስቡበት፤ ስንዴና ገብስ የሚፈጭበት ድንጋይ ላይ የተፈጨ ጤፍ ንጹሕ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ እሁድ ጋግሬ ለሳምንት ማስቀመጥ እችላለሁ? (ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ)

መልስ፦ ፍሪዘር ካለዎት አዎ። ፍርግርጉ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ መሐል መሐሉ ወረቀት እየገባ በፌስታል አየሩ ወጥቶ ይታሰር። ጠዋት በረዶው ሳይለቅ ቶስተር ውስጥ ሁለት ዙር፣ ወይም ዋፍል ማሽኑ ራሱ ላይ 2 ደቂቃ ይበቃዋል። ማይክሮዌቭ ያልፈሰፍሰዋል። ምሳ ዕቃ ውስጥ ትኩሱን አይክደኑ፣ ፍራፍሬውንም በሌላ ትንሽ ዕቃ ለብቻው ይላኩ።