ሆንግ ኮንግ ‹‹ከፊል ራስ ገዝ›› ናት ወይስ ‹‹ራስ አስተዳደር›› ያላት?

ጥያቄ፦ ስለ ሆንግ ኮንግ በሚጻፉ ዜናዎች ‹‹ከፊል ራስ ገዝ የሆነችው›› የሚል ሐረግ ይደጋገማል። የሥራ ባልደረባዬ ‹‹ራሱን የሚገዛ ከፊል ሊሆን አይችልም›› ይለኛል። የቻይና መንግሥት ስለ ሆንግ ኮንግ ዴሞክራሲ ያወጣውን ሰነድ በአማርኛ እያጠቃለልኩ ስለሆነ ቃሉ ቸግሮኛል። ምን ልበል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ‹‹ከፊል››ን ‹‹ግማሽ›› አድርገው ይዘውታል፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ከፊል በግእዝ የ‹‹ከፈለ›› ንዑስ አንቀጽ ነው፤ እንደ ቀቲል ያለ፣ ‹‹መክፈል›› ማለት። ወደ አማርኛ ሲገባ ‹‹የተወሰነ ክፍል›› የሚል ትርጉም ያዘ እንጂ መጠን አልቆረጠም። ‹‹ከፊል አርብቶ አደር›› ስንል የሰውየውን ኑሮ እኩል ለሁለት መግመሳችን አይደለም። ስለዚህ ከፊል ጥፋት የለበትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ‹‹ገዝ›› ነው። ቅርጹን የሚነቅፉ አሉ፤ ‹‹ራስ ገዥ›› መባል ነበረበት ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ገዝ የተሠራው በ‹‹ድንበር ዘለል››ና በ‹‹ግራ ዘመም›› አምሳል ነው፤ ግሱ በግእዝ ገዝአ ነበር፣ አማርኛ መጨረሻውን አልፍ (አን) ስለጣለው ከሦስቱ ፊደላት ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አልፉ ‹‹እግዚእ›› በሚለው ስም ውስጥ ዛሬም አለ፤ እግዚአብሔርም ‹‹የብሔር ጌታ›› ነው። አማርኛ ዕቃ ‹‹ገዛ››ንም አገር ‹‹ገዛ››ንም በአንድ ግስ የሚጠራው፣ ሁለቱም ባለቤት መሆንን ስለሚያመለክቱ ነው። ቅኝ ግዛትም ከዚሁ ሥር ወጥቷል። ገዝ ሥልጣኑን ከሌላ አልተቀበለም፤ የራሱ ነው።

አስተዳደር ሌላ የዘር ሐረግ አለው። አስተዳደረ ከተዳደረ፣ ተዳደረ ከአደረ፣ አደረ ከግእዙ ኀደረ ይወርዳል፤ ማኅደርም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ የአርብቶ አደሩ ‹‹አደር››ም እንዲሁ። ኑሮን ማኖር፣ ቤትን መምራት ነው እንጂ ጌትነት አይደለም።

አሁን ወደ ሰነዱ። ቤጂንግ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2021 ያወጣችው ነጭ ወረቀት፣ ማለትም መንግሥት አቋሙን የሚያስታውቅበት ሰነድ፣ ሆንግ ኮንግን ከፊል ራስ ገዝ አይላትም። ‹‹ልዩ የአስተዳደር ክልል›› ናት፤ ያላትም ‹‹ከፍተኛ ደረጃ ያለው ራስ አስተዳደር›› ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው የሆንግ ኮንግ መሠረታዊ ሕግ ይህን ሥልጣን የሚሰጣት የቻይና ብሔራዊ የሕዝብ ኮንግረስ እንደሆነ ይናገራል። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ነጭ ወረቀት ደግሞ ከዚያ አልፎ፣ ሥልጣኑ ሙሉ ራስ አስተዳደር እንዳልሆነና ምንጩ የማዕከላዊው መንግሥት ውክልና ብቻ እንደሆነ በግልጽ አስፍሯል። እንዲህ ያለውን አቋም በ‹‹ገዝ›› መተርጎም መንግሥቱ ያልሰጠውን ባለቤትነት ማሸከም ነው። በእኔ ዘንድ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ራስ አስተዳደር ይበሉ።

ጆሮዬም ወደዚያ ያደላል፤ ራስ ገዝ ሲባል ድንጋይ እንደረገጥሁ ይሰማኛል። ሆኖም ልማድ ቀድሞኛል። በኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ዘመን ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን ራስ ገዝ ተባሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ከማዕከል በተሰጠ ሥልጣን የቆሙ ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆነ ሲባል ማንም ቅር አይለውም። ቃሉ ከሥሩ ርቆ ሄዷል፤ ባልወደውም ስሕተት ነው ልል አልችልም። በራስዎ አንደበት ስለ ሆንግ ኮንግ ሲጽፉ ‹‹ከፊል ራስ ገዝ›› ቢሉ አልከራከርዎትም። የመንግሥቱን ቃል ሲጠቅሱ ግን አይበሉ፤ ‹‹ከፊል›› የእኛ ጋዜጠኞች ግምገማ ነው፣ የቤጂንግ አይደለም።

ይኸው ጥንቃቄ በሰነዱ ርዕስ ላይ ያለውን ‹‹ዕድገት››ም ይመለከታል። የሰነዱ የቻይንኛ ርዕስ ‹‹የሆንግ ኮንግ ዴሞክራሲ ዕድገት›› ይላል፤ ውስጡ በብሪታንያ ቅኝ ግዛት ዘመን ዴሞክራሲ እንዳልነበረ፣ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓቱን የነደፈውና የጠበቀው የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲና መንግሥት እንደሆነ ይከራከራል። ሰነዱ የወጣው በአዲሱ የምርጫ ሥርዓት የመጀመሪያው የሕግ አውጪ ምክር ቤት ምርጫ በተካሄደ ማግስት ነው። በዚያ ሥርዓት የምክር ቤቱ መቀመጫዎች ከ70 ወደ 90 ሲያድጉ፣ ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጣቸው ከ35 ወደ 20 ወረዱ፤ 40ዎቹን የምርጫ ኮሚቴው፣ 30ዎቹን የሙያና የንግድ ዘርፎች ይመርጣሉ። ድምፅ የሰጠው ከተመዝጋቢው 30 በመቶ ያህሉ ነበር። ተቺዎች ይህን ማቆልቆል ይሉታል። ‹‹አደገ›› ደግሞ በአማርኛ ፍርድ ያዘለ ግስ ነው፤ ያደገ ነገር ከትናንቱ በልጧል። እንግዲህ ‹‹የሆንግ ኮንግ ዴሞክራሲ ዕድገት›› ብለው በባዶው አይጻፉ፤ ‹‹የቻይና መንግሥት የዴሞክራሲ ዕድገት ሲል የገለጸው›› ብለው ባለቤቱን ያስቀድሙ። ዐረፍተ ነገሩ ቢረዝምም ይርዘም።