የአንባቢያን ጥያቄ፦ የድሮዎቹ ብስክሌተኞች አነዳድ ለምን ያምራል?

ጥያቄ

«የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፤ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁና በየቀኑ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ በብስክሌት የምመላለስ ሠራተኛ ነኝ። በወጣትነታቸው ብስክሌት ይወዳደሩ የነበሩት አጎቴ የጣሊያናዊውን የፋውስቶ ኮፒንና የፈረንሳዊውን የዣክ አንክቲልን ስም ሳያነሡ አይውሉም። በቅርቡ የእነዚህን ሰዎች የቆዩ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች በስልኬ ከፍቼላቸው አብረን ተመለከትን። እውነትም ከወገባቸው በላይ ጸጥ ያሉ፣ ከወገባቸው በታች ግን ያለ ዕረፍት የሚዞሩ ሰዎች ናቸው። አጎቴም ‹የዛሬዎቹ ይፈጥናሉ እንጂ እንደ እነዚህ አያምሩም› አሉኝ። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ አነዳዳቸው እንዲህ ያማረው በተሰጥኦ ነው ወይስ የያዙት ብስክሌት አስገድዷቸው? እኔስ ዳገቱን ስወጣ እነርሱን ለመምሰል ብሞክር ይጠቅመኛል?»

ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ

አጎትዎ ያዩት ውበት በእርግጥም የነበረ ነው፤ የወጣትነት ናፍቆት ብቻ የፈጠረባቸው አይደለም። ተሰጥኦም ብስክሌትም ድርሻ እንዳላቸው አያጠራጥርም፤ በእኛ አስተያየት ግን የሚበልጠው ድርሻ የብስክሌቱና የልምምዱ ነው።

እስከ እ.ኤ.አ. 1937 ድረስ ፈረንሳይን የሚዞረው የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ተወዳዳሪዎች በዛሬው ዓይነት የማርሽ መቀየሪያ እንዳይጠቀሙ ተከልክለው ነበር። ከተፈቀደ በኋላም የማርሾቹ ብዛት ከዛሬው እጅግ ያነሰ ስለ ነበር፣ ዳገት ሲመጣ አብዛኞቹ ከበድ ያለውን ማርሽ በዝግታ፣ እግራቸው የሚሠራውን ክብ ከዳር እስከ ዳር እየተከተሉ ከመርገጥ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም፤ በፊልሙ ላይ እንደ ግርማ የሚታየን አንዱ ነገር ይህ ዝግታ ነው። የማርሽ መቀየሪያው እጀታ ደግሞ እንደ ዛሬው በመሪው ላይ ሳይሆን በአብዛኛው ከፊት ለፊት ወደ ታች በሚወርደው የብስክሌቱ ብረት ላይ ይተከል ነበር። ስለዚህ ማርሽ የሚቀይር ሰው አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ወደ ጉልበቶቹ መካከል መስደድ ነበረበት፤ ወገቡና ትከሻው ያልረጋ ሰው ይህን ሲያደርግ ብስክሌቱ መንገዱን ይስታል። እግርም በጠፍር ከፔዳሉ ጋር ይታሰር ነበር። ያለ ጠፍር የሚቆለፈው ፔዳል በታላላቅ ውድድሮች ዘንድ ቦታውን የያዘው ፈረንሳዊው በርናር ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1985 ቱር ደ ፍራንስን ካሸነፈበት ወዲህ ነው።

ይሁንና መሣሪያው ብቻውን ሰውን አያሳምርም፤ ያ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዘመን የነበሩት ሁሉ አንድ ዓይነት በሆኑ ነበር። ኮፒ በቬሎድሮም፣ ማለትም ለብስክሌት በተሠራ ክብ ሜዳ፣ ሁለት ተወዳዳሪዎች ከተቃራኒ አቅጣጫ ተነሥተው በሚሳደዱበት የማሳደድ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1947ና በ1949 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። በቬሎድሮም የሚነዳው ብስክሌት ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ ፍሬን የሌለውና እግርን ለአፍታ እንኳ የማያሳርፍ በመሆኑ፣ በእርሱ ላይ ረጅም ጊዜ የሠለጠነ እግር መንቀጥቀጥን ይረሳል። አጎትዎ የወደዱት ያ ልስላሴ፣ እኛ እንደምናምነው፣ በአብዛኛው የተገኘው ከዚህ ነው።

ስለ ኮፒ ጥቂት እንድንቆይ ይፍቀዱልን፤ ሰውየው ይገባዋልና። በልጅነቱ በኖቪ ሊጉሬ ከተማ ለሥጋ ሻጭ ዕቃ በብስክሌት ያመላልስ ነበር። የሰውነቱን አቅም አውቆ የቀረጸው ቢያጆ ካቫና የተባለው የማሳጅ ባለሙያ ዓይነ ስውር ነበር። ብዙዎቻችን በዓይናችን የምናደንቀውን አነዳድ ያ ሰው በጣቶቹ ብቻ ጡንቻውን እየዳሰሰ አውቆታል። እ.ኤ.አ. በ1949 ጣሊያንን በሚዞረው የጂሮ ዲታልያ ውድድር ከኩኔዮ እስከ ፒኔሮሎ ድረስ አምስት የተራራ መተላለፊያዎችን በሚያቋርጠው ጉዞ ላይ ኮፒ 192 ኪሎ ሜትር ብቻውን ነዶ፣ ታላቁን ተቀናቃኙን ጂኖ ባርታሊን ከ11 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። ከደባርቅ ወዲያ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በመኪና እንኳ የወረደ የጎንደር ሰው እንዲህ ያለው መንገድ በብስክሌት ምን እንደሚጠይቅ ይገምታል። ኮፒ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1960 በ40 ዓመቱ ያረፈው በወባ ነው፤ ዛሬ ቡርኪና ፋሶ ወደምትባለው አገር ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ሐኪሞቹ በሽታውን በጊዜ አልለዩለትም። ደንቢያን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

የአነዳድን ውበት ብቻ ነጥለን ከመዘንን ግን እኛ ከኮፒ ይልቅ ስዊዘርላንዳዊውን ሁጎ ኮብሌትን እናስቀድማለን። እ.ኤ.አ. በ1951 ቱር ደ ፍራንስ፣ ከብሪቭ እስከ አዣን በነበረው ጉዞ፣ ኮፒንና ባርታሊን የመሳሰሉ ታላላቆች ተባብረው እያሳደዱት 135 ኪሎ ሜትር ብቻውን አምልጦ አሸነፈ። መድረሻውን እንዳለፈም ፊቱን ጠርጎ ጸጉሩን ማበጠሩ እስከ ዛሬ ይወራል። የፈረንሳይ ሰዎች «ፔዳሌር ደ ሻርም» ብለው የጠሩት፣ ይኸውም ሲረግጥ የሚማርክ ለማለት፣ ድካሙ በፊቱም በትከሻውም ስለማይነበብ ነው።

አንክቲል ደግሞ ሌላ ነው። ጀርባውን እንደ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ክርኑን አጥፎ፣ የእግሩን ጣቶች ወደ ታች አዘንብሎ ከባድ ማርሽ ይረግጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በሚላኖው ቪጎሬሊ ቬሎድሮም በአንድ ሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ከ159 ሜትር በመንዳት፣ ኮፒ እ.ኤ.አ. በ1942 በዚያው ሜዳ ያስመዘገበውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ቱር ደ ፍራንስንም አምስት ጊዜ አሸንፏል። አነቃቂ መድኃኒት መውሰዱን ሳይደብቅ የተናገረም እርሱ ነው፤ አነዳዱን የሚያደንቅ ሰው ይህንንም ማወቅ አለበት ብለን እናምናለን።

እዚህ ላይ ከአጎትዎ የምንለይበት ነጥብ አለ። ውበት ድልን አያመጣም፤ የውበት ማነስም ድልን አይከለክልም። የሉክሰምበርጉ ሻርሊ ጎል ቀላል ማርሽ መርጦ እግሮቹን በፍጥነት እያሽከረከረ ተራራ ይወጣ ስለ ነበር ያን የዝግታ ግርማ አናይበትም፤ ነገር ግን የእ.ኤ.አ. 1958ን ቱር ደ ፍራንስ ወስዷል። ከሁሉም የላቀው ቤልጂየማዊው ኤዲ ሜርክስ ሲደክም ትከሻውና ራሱ ይወዛወዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በብሎዋ ቬሎድሮም ክፉኛ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ በኋላ ሕመሙ ስላልለቀቀው የኮርቻውን ከፍታ ደጋግሞ ያስተካክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ግን በአንድ ሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ነዳ። ይህን ያደረገው በሜክሲኮ ሲቲ ሲሆን፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከጎንደር ብዙም የማይርቅ ነው። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ፊትን የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል፤ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። እርስዎ በየቀኑ የሚነዱት በዚህ ዓይነት አየር ውስጥ ነው።

ያ ዘመን ለአገራችንም ባዕድ አልነበረም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የእ.ኤ.አ. 1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባን ጨምሮ ብስክሌተኞቿ የጎዳናውን ውድድር ነድተዋል። የዚያ ውድድር አሸናፊ ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ሲሆን፣ የአንክቲልን የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን በዚያው ዓመት በቪጎሬሊ የሰበረው እርሱ ነው። የእኛም ሰዎች አጎትዎ የሚያወሩለትን አነዳድ በአንድ ጎዳና ላይ አብረው እየነዱ አይተውታል ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመለስ፣ መምሰል ያለብዎት ጸጥታቸውን እንጂ ማርሻቸውን አይደለም። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጡ ብስክሌትዎ ቀላል ማርሽ ካለው ይጠቀሙበት፤ ከባዱን በግድ መርገጥ ጉልበት ይጎዳል። የአንክቲል የጣት አዘነባበልም የእርሱ ብቻ ስለሆነ ይተዉት። ኮርቻውን ሲያስተካክሉ ተረከዝዎን በፔዳሉ ላይ ያድርጉ፤ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ካለ ከፍታው ተስማምቶዎታል፤ ሲነዱ ግን በእግርዎ ፊተኛው ክፍል ይርገጡ። መሪውን አጥብቀው አይያዙ፣ ክርንዎን ጥቂት አጠፍ ያድርጉ፣ ጉልበቶችዎም ወደ ውጭ አይከፈቱ። ጎንደር በእስክስታ ትከሻ የሚያምርባት አገር ናት፤ በብስክሌት ላይ ግን ትከሻ የሚያምረው ሲያርፍ ነው። በዳገቱ አጋማሽ ላይ ትከሻዎ መወዛወዝ ከጀመረ ማርሹ ከብዶዎታል ወይም ከአቅም በላይ ፈጥነዋል ማለት ስለሆነ፣ አንድ ማርሽ ያቅልሉ። ብስክሌትዎ ባለ አንድ ማርሽ ከሆነ ፍጥነትዎን ቀንሰው ትንፋሽዎ እስኪመለስ በዚያው ይቆዩ። አጎትዎ ከጎን ሆነው ቢያዩዎትና ከወገብ በላይ የሚንቀሳቀሰውን ቢነግሩዎት፣ ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ የእርሳቸው ዓይን ፈጥኖ ያርምዎታል።