ጋርድሬሉ ለምን ይጣመማል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። ከአዳማ አሰላ ሚኒባስ እነዳለሁ። መንገድ ዳር ያለው የብረት መከላከያ፣ ጋርድሬሉ፣ መኪና ሲነካው ተጨማዶ ነው የማየው። ይሄ ምን ሊያድነን ነው? ለምን ሁሉንም በኮንክሪት አይሠሩትም?

መልስ፦ እንኳን ጠየቁ። በየቀኑ ነፍስ ጭኖ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ብረቱ የሚጣመመው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ሥራው መጣመም ነው። መኪናው ሲገባበት ብረቱ ይወጠራል፣ ቋሚዎቹም አፈሩን እየገፉ ዘንበል ይላሉ። ግፊቱ እዚያው ይበርዳል እንጂ በሙሉ ተሳፋሪው ደረት ላይ አያርፍም። ኮንክሪት ግን ንቅንቅ አይልም። ድልድይ ላይ፣ ወይም ከጀርባው ቦታ ከሌለ እሱ ይመረጣል። ቦታ ካለ እኔ ብረቱን እመርጣለሁ።

ይህ በግምት የመጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በርካታ ግዛቶች ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገንዘብ አዋጥተው በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ በኩል መኪና እያጋጩ ይፈትሻሉ። ቦታው ሊንከን ከተማ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው። እውነተኛ መኪና በገመድ ይጎተታል፤ ሊደርስ ሲል ገመዱ ይለቀዋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየበረረ በ25 ዲግሪ ብረቱን ይመታል። አንዴ 1,100 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ መኪና፣ አንዴ 2,270 ኪሎ ፒክአፕ። በጣም የምወድላቸው ደግሞ የከሸፈውን ሙከራ ጭምር ማሳተማቸው ነው። አንዱ ግዛት የከፈለበትን ሌላው፣ እኛም ጭምር፣ አንብበን እንማርበታለን።

ለምሳሌ ቁመቱን ይውሰዱ። ድሮ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ከፍ ያሉ መኪኖች ሲበዙ ግን በላዩ መገልበጥ መጣ። እነሱ ያወጡት አዲሱ ጋርድሬል 787 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ እኛ ጋ አስፋልት ላይ አስፋልት ሲደረብ መንገዱ ከፍ ይላል፣ ብረቱ ባለበት ይቀራል። ከአዳማ መውጫ በአንዱ ላይ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከጉልበቴ ብዙም አያልፍም። እዚያው የተቀየረው ብረት ከሚቀጥለው ብረት ጋር የሚደራረብበት ቦታ ተገልብጧል፤ አፉ ወደሚመጣው መኪና ዞሯል። መኪና ታክኮት ሲያልፍ ያ ጠርዝ ሊይዘው ይችላል። ይህን ማስተካከል የሁለት ሠራተኛና የመፍቻ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ብረት የጅቡቲን ተሳቢ ያቆማል ብለው እንዳያስቡ። 36,000 ኪሎ ለሚመዝን ከባድ መኪና የሚፈተነው ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ረጅም የኮንክሪት ግንብ።

አንዴ የተጣመመ ብረት ለቀጣዩ መኪና አስተማማኝ አይደለም። ሲያዩ ቅርብ ያለውን የኪሎ ሜትር ድንጋይ ቁጥርና መኪናው የሚሄድበትን አቅጣጫ ይያዙ። ፈጣን መንገዱ ላይ ከሆነ ለክፍያ ጣቢያው፣ ሌላው ላይ ከሆነ ለመንገድ ጥገና ክፍል ይንገሩ። ብረቱ ከጉልበትዎ እኩል ከሆነ እሱንም አብረው ይንገሩልኝ።