መኪናህን ዝቅ ከማስደረግህ በፊት በክሪክ አንስተህ እያት

«ሰላም ጋሼ። የ2007 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። የምኖረው ግንፍሌ ነው፣ ሥራዬ ሜክሲኮ። መኪናዋ ቆማ ስትታይ በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው፣ አታምርም። ጥምዝ ላይ ትወላገዳለች። ጉብታ አልፋ ስትወርድ ደግሞ ፊት በኩል ‹ጧ› የሚል ድምፅ አላት። ጓደኛዬ የእሱን መኪና ሞላ አስቆርጦ ዝቅ አስደርጓታል፣ ቀጥ ብላ ነው የምትታጠፈው፣ ምንም አልሆነችም ይላል። እኔም ላስቆርጥ? ጥቅሙና ጉዳቱስ ምንድነው?»

ወንድሜ፣ ሞላውን አታስቆርጥ። ወደ ጥቅምና ጉዳቱ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጣራ። መኪናህ በእርግጥ በፋብሪካ ከፍታዋ ላይ ናት ወይ? ክፍተቱን፣ መወላገዱንና «ጧ» የሚለውን ድምፅ አንድ ላይ ሳያቸው እኔ የምጠረጥረው ካንተ በፊት የነዳት ሰው ከፍ አስደርጓት ይሆናል ብዬ ነው።

እዚህ ከተማ ትንሽ መኪና ይዞ ጋራዥ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ያንተን ተቃራኒ ነው። «ሥሯ እየነካ አስቸገረኝ፣ ከፍ አድርግልኝ» ነው የሚለው። ቪትዝ ከፋብሪካ ስትወጣ ሥሯ ከመሬት 14 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ያለው፣ ለአዲስ አበባ ደግሞ ያ ብዙ አይደለም። ስለዚህ ከሞላው ጫፍ ወይም ከአሞርዛተሩ (የሞላውን ውዝዋዜ ከሚያረጋጋው ባለ ዘይት ቱቦ) አናት ላይ ወፍራም ጎማ ወይም አሉሚኒየም ይጨመርባታል፣ አንዳንዱም በሞላው ዙሮች መሀል ጎማ ይሰካል። መኪናዋ ብድግ ትላለች፣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ ከዓመት በኋላ ይሸጣታል። ገዢው ግን ይህን አያውቅም።

«ጧ» የሚለውም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ሞላው ጫፍ ላይ ውፍረት ሲጨመር አሞርዛተሩ ገና ቆሞ እያለ ወደ ውጭ ተስቦ ይቀመጣል። ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጥረዋል። ጉብታውን አልፈህ ስትወርድ ጎማው ሲንጠለጠል አሞርዛተሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ ይመታል። ድምፁ ያ ነው። ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ የአሞርዛተሩ አናት ላይ ያለው ጎማ ሊያልቅ ይችላል፣ የስታብላይዘር ሊንክ (መኪናዋ ጥምዝ ላይ እንዳትንጋለል የሚይዘው ብረት ማያያዣ) ሊላላ ይችላል። ግን ከክፍተቱ ጋር ሲደመር የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ከፍታው ነው።

ይሄን ለማየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሜዳ ቦታ አቁማት፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ አስገባ። የፊቱን በክሪክ አንሳና ጎማውን ፍታ፤ ሥሯ ደግሞ ጠንካራ መደገፊያ ይግባ፣ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። በባትሪ መብራት ከሞላው አናት እስከ ታች ተመልከት። ሞላው ጫፍ ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው የጎማ ንጣፍ ስስ ነው፣ የሞላውን ጫፍ ተከትሎ የተቀረጸ ነው። ወፍራም፣ በእጅ የተቆረጠ የሚመስል ወይም የሚያብለጨልጭ ብረት ካየህ አገኘኸው። በዚያው የአሞርዛተሩን ዘንግ እየው፣ ዘይት ያላበው ከሆነ አልቋል። የኋላውንም እንዲሁ አድርግ፣ ግን ከኋላ ስታነሳ ታኮው ከፊት ጎማ ሥር ይሁን። ያ ጭማሪ ከተነሳ መኪናህ ወደ ራሷ ከፍታ ትመለሳለች፣ ክፍተቱም ይጠባል። አንተ የፈለግከው ዝቅ ማለት ምናልባት ይሄ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሲነሳ ግን በሁለቱም ጎን አንድ ላይ ይነሳ፣ ሥራውም የሞላ መጭመቂያ ባለው ሰው ይሠራ። የተጨመቀ ሞላ አምልጦ ፊት ላይ ሲመጣ ቀልድ አይደለም።

ምንም ጭማሪ ከሌለባት ወደ ጥያቄህ እንሂድ።

መኪና ዝቅ ሲል ጥቅም አለው፣ አልዋሽህም። ክብደቷ ወደ መሬት ይቀርባል። ጥምዝ ላይ ከውስጥ ጎማ ወደ ውጭ ጎማ የሚሸሸው ጭነት ይቀንሳል። ግን ምን ያህል? የትንሽ መኪና የክብደት ማዕከል ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል፤ 3 ሴንቲ ብታወርዳት ለውጡ 5 ወይም 6 ከመቶ ነው። ለእሽቅድምድም ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ ከሚኒባስ ኋላ እየተንፏቀቀ ለሚወርድ ሰው ግን ምኑም አይደለም። ዝቅ ያለች መኪና ቀጥ ብላ የምትታጠፈው በአብዛኛው ሞላዋ ስለጠነከረ ነው እንጂ ዝቅ ስላለች አይደለም። እንዲያውም እንደ ቪትዝ ባለች መኪና የፊቱ ብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዘው ክንድ) አቀማመጥ የተሰላው ለፋብሪካው ከፍታ ነው። ብዙ ስታወርዳት የብራቾው የጎማ በኩል ጫፍ ወደ ላይ ይቀናል፣ መኪናዋ የምትንጋለልበት ነጥብም ከክብደት ማዕከሉ በባሰ ይወርዳል፣ በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት ሲሰፋ ደግሞ መንጋለሉ ይጨምራል። ስለዚህ ሞላው ካልጠነከረ ጭራሽ የበለጠ ልትንጋለል ትችላለች። ሰው ይሄን ስነግረው አያምነኝም።

የነዳጅ ቁጠባ የሚሉም አሉ። ዝቅ ማለቷ የነፋሱን ግፊት ቀንሶ ነዳጅ የሚቆጥበው በፈጣን መንገድ ነው፣ ወደ አዳማ ስትሄድ ምናልባት። ከተማ ውስጥ እርሳው። መልኳ ግን እውነት ነው፣ በትክክል ዝቅ ያለች መኪና ታምራለች። ዲኤክሳቸውን አሳምረው ቅዳሜና እሁድ የሚያወጡ ልጆች አሉ፣ መኪናቸውን ሳይ ቆሜ ነው የማየው። እነሱ ግን የት እንደሚሄዱ መርጠው ነው የሚነዱት። አንተ ሰኞ ጠዋት የምትሄድበትን አትመርጥም።

ጉዳቱ ላይ ሰው ሁሉ የሚያወራው ሥሯ ስለ መንካቱ ነው። ዋናው ግን ጎማው ወደ ላይ የሚሸሽበት ቦታ ማነሱ ነው። ጎማህ ጉድጓድ ወይም ጉብታ ሲመታ ወደ ላይ ሄዶ ምቱን የሚውጥበት 8 ሴንቲ አለው እንበል። 4 ብትወስድበት ግማሹ ቀረ። ያንኑ ምት በግማሽ ርቀት ለመዋጥ ሞላው አራት እጥፍ መጠንከር አለበት። አሁን መቁረጥን አስበው። ሞላው የሚሠራባቸው ዙሮች 6 ቢሆኑና 1 ብትቆርጥ ጥንካሬው የሚጨምረው 20 ከመቶ ብቻ ነው። የቀረውን ምት ማን ይችለዋል? አሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለችው የማቆሚያ ጎማ ናት የምትችለው፣ እሷ ስትፈጭ ደግሞ ብረት ከብረት ነው። ከዚያ የአሞርዛተር ዘይት ይፈሳል፣ የአሞርዛተሩ አናት ይሰነጠቃል፣ የብራቾ ጎሚኒ (መገጣጠሚያው ላይ ያለው ጎማ) ያልቃል። ጓደኛህ «ቀጥ ብላ ትታጠፋለች» የሚልህ ምናልባት ማቆሚያው ላይ ተቀምጣ እየሄደች ይሆናል። በደረቅ አስፋልት ደስ ይላል። ክረምት ላይ እርጥብ ጥምዝ መሀል ጉድጓድ ሲያጋጥማት ግን ጎማው ከመሬት ይዘላል፣ መኪናዋም ወደፈለገችበት ትሄዳለች።

መንገድህን ደግሞ በትልቁ አስፋልት አትለካው። ኮሪደር ልማቱ ያለፈበት ዋና መንገድ ደህና ነው። አንተን የሚፈትንህ የሰፈርህ ኮብልስቶን፣ የግቢ በር ላይ ያለችው የቦይ ክዳን፣ የሕንፃው ምድር ቤት ፓርኪንግ መግቢያ ነው። ቪትዝ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.46 ሜትር ናት። ሥሯ 14.5 ሴንቲ ከፍታ ሲኖረው በስሌት ሜዳው በ13 ዲግሪ ገደማ ወደ ቁልቁለት የሚሰበርበትን ቦታ ሳትነካ ታልፋለች። 4 ሴንቲ ስታወርዳት 10 ዲግሪ አይሞላም። ብዙ የፓርኪንግ መውረጃ አፉ ላይ ከዚያ በላይ ይሰበራል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ቢነካ ድምፅ ነው፣ ታስበይደዋለህ። የዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ተሰንጥቆ ሳታውቅ ከነዳሃት ግን ሞተሩ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ዓይነት መኪና በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ለኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችም እግረ መንገዴን ልናገር፣ የእናንተ ባትሪ ወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው፣ ዝቅ ማድረግን በጭራሽ አታስቡት።

ጎማም ይበላል። ዝቅ ስትል ጎማው አናቱን ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የመሪው ዘንጎች ማዕዘንም ስለሚቀየር ጎማው ቀጥ ብሎ አይሄድም። በውጭ በኩል አዲስ የሚመስል ጎማ በውስጥ በኩል ሽቦው ወጥቶ ታገኘዋለህ። ዊል አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ካልተሠራ ጎማህን በልቶ ነው የሚያቆመው። የፊት መብራትም አብሮ ይስተካከል። ቦሎ ስታወጣ ምርመራው ላይ ጥያቄ ሊነሳብህ ይችላል፣ ኢንሹራንስህም ለውጡን ቢያውቅ ይሻላል። አደጋ ደርሶ ከሚገረሙ አሁን ቢያውቁት ነው።

አሠራሩን በተመለከተ፣ በእሳት ማሞቅ ከሁሉም የከፋው ነው። ሞላ ሞላ የሆነው በሙቀት ተጠንክሮ ስለተሠራ ነው። በኦክስጅን ስታሞቀው ያ ጥንካሬ ይሄዳል፣ ዛሬ 4 ሴንቲ የወረደው ከወራት በኋላ ምን ያህል እንደሚወርድ ማንም አያውቅም፣ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞም ሊሰበር ይችላል። በግራይንደር መቁረጥ ከዚያ ይሻላል፣ ግን ሞላው ስላጠረ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊላቀቅ ይችላል። ለመኪናህ ተብሎ የተሠራ አጭር ሞላ አለ፣ እሱ ጥንካሬውም አብሮ የተሰላ ስለሆነ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ከእሱ ጋር ግን አዲስ አሞርዛተርና አጠር ያለ የማቆሚያ ጎማ ያስፈልጋል። በአሮጌ አሞርዛተር ላይ አዲስ ጠንካራ ሞላ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፣ መኪናዋ እንደ ኳስ ትነጥራለች። ከፍታው የሚስተካከለው ኮይልኦቨር (ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ) ደግሞ ጥሩ ነው፣ ጥሩው ግን ውድ ነው፣ ርካሹን ከሶማሌ ተራ ወይም ከዱባይ አስመጥተህ ከምትገጥም የፋብሪካውን አዲስ ብትገጥም እመርጥልሃለሁ።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ጭማሪ ካለ አስነሳለሁ። ከዚያ አራቱንም የመኪናዋን ጥግ ተራ በተራ በእጄ ወደ ታች ጫን አድርጌ እለቃለሁ፣ ተነስታ ወዲያው ካልቆመችና እየተወዛወዘች ከቀጠለች አሞርዛተር እቀይራለሁ፣ ሁለቱን ፊት አብሬ፣ ሁለቱን ኋላ አብሬ። የብራቾ ጎሚኒና የስታብላይዘር ሊንክ አስፈትሻለሁ፣ እነሱ ርካሽ ናቸው፣ ለመወላገድ ግን ከተጠያቂዎቹ መሀል ናቸው። የጎማውን ዕድሜ አያለሁ፣ ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተመረተ ነው። የጎማው መጠንም ትክክለኛው ይሁን፣ አነስ ያለ ጎማ ከተገጠመላት ክፍተቱ መስፋቱ አይቀርም። ነፋሱን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ አስሞላለሁ። በመጨረሻ አላይመንት። ይሄ ሁሉ ተሠርቶ መኪናዋን ስትነዳት ሌላ መኪና የገዛህ ሊመስልህ ይችላል፣ ብዙ ሰው የማስወረዱን ነገር የሚረሳው እዚህ ጋ ነው።

አሁንም ካላረካህ መብትህ ነው። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ከመግዛትህ በፊት ግን በነፃ ሞክረው። ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካ። ከዚያ አራት ጎልማሳ ጓደኞችህን ጫንና እንደገና ለካ፤ ልዩነቱ ምን ያህል እንደወረደች ይነግርሃል። እነሱን ይዘህ ከቤትህ እስከ ሜክሲኮ፣ እስከ ፓርኪንጉ ድረስ ቀስ ብለህ ሂድ። በዚያ ጉዞ አንዴ እንኳ ሥሯ ከነካ መልስህን አገኘህ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ዝቅ ካለች በኋላም እነዚያው ጓደኞችህ መሳፈራቸው አይቀርም።

ጓደኛህን ደግሞ እንዲህ በለው፦ የፊት ጎማውን በክሪክ ከመሬት አንሳ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ሞላውን በእጅህ አዙረው። ከተሽከረከረልህ ወይም ከመቀመጫው ከለቀቀ፣ ዛሬውኑ የፋብሪካውን ሞላ መልስበት።