«ፋስት» ፍጥነት ነው ወይስ ጾም?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ በሁዳዴ «ፋስት ፉድ» የሚል ታፔላ አይቶ «የጾም ምግብ አለ» ብሎ ጓደኞቹን አስከትሎ ገባ። እሱን ስቀንበት ሳንጨርስ፣ ሌላዋ «ፋስት አስሊፕ»ን «ቶሎ ተኛ» ብላ ተረጎመችው። ሁሉንም የሚሸከም አንድ የአማርኛ ቃል የለም?

መልስ፦ የለም፤ ትርጉሞቹ የተነሡበትን ለማሳየት ግን «አጥብቆ» ይበቃዎታል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ ጽኑ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነበር። በጀርመንኛ ዛሬም «ፌስት» ጽኑ፣ «ፋስተን» ደግሞ መጾም ነው። ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ንቅንቅ አልል ያለ መኪና በእንግሊዝኛ «ስታክ ፋስት» የሚባለው በዚሁ በጥንቱ ፍቺ ነው።

ጾሙም ከዚያው ይመዘዛል፦ ሥርዓትን አጥብቆ መያዝ። እኛስ ጾም እንይዝ፣ ጾም እንፈታ የለ? የልጁ ስሕተት ስለዚህ የሚያስቅ አይደለም። ጾሙን ለፈለገ ሜኑው ላይ የሚጻፈው «ፋስቲንግ ፉድ» መሆኑን ብቻ ይንገሩት። የእንግሊዞቹ «ብሬክፋስት»ም ጾም መፍታት ነው፤ የእኛ ቁርስ ግን ከመቁረስ የመጣ ስለሆነ ጾሙን አያነሣም።

ፍጥነቱ የመጣው በኋላ፣ በመካከለኛው ዘመን ነው። አጥብቆ፣ በኃይል የሮጠ ሰው ፈጥኖ ይደርሳልና «በኃይል» ቀስ በቀስ «በፍጥነት» ሆነ። ገበያ እንዳይበተንበት የሚጣደፍ መንገደኛም ወደ ኋላ የቀረውን «በርታ በል እንጂ!» ይለዋል፤ የሚጠራው ጉልበት ነው፣ የሚፈልገው ፍጥነት።

ሲተረጎም ግን «አጥብቆ»ን በየቦታው መሰካት አማርኛውን ያበላሻል። የልጅቷ ዐረፍተ ነገር «ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዶታል» ነው። እንግሊዝኛው ሰዓትንም፣ ቀለምንም፣ አያያዝንም «ፋስት» ይላል፤ በአማርኛ ግን ሰዓት «ይቀድማል» እንጂ አይፈጥንም። ሲታጠብ የማይደበዝዝ ጥለት «ቀለሙ አይለቅም» ይባላል። ገመድ ያዢውን «አጥብቀህ ያዝ» ይበሉት፤ እዚህ ላይ ቃሉ ቦታውን አገኘ።

ለነገሩ፣ በቅኔው አገር በጎጃም ያደጉ ልጆች ኅብር፣ ማለትም ሁለት ፍቺ ያለው ቃል፣ ሊያስደነግጣቸው አይገባም። ሰሌዳው ላይ «ይጠብቃል» ብለው ይጻፉና ያስነብቧቸው። «ብ» ጠብቃ ከተነበበች ዘበኛው በሩን ይጠብቃል፤ ላልታ ከተነበበች ቋጠሮው ይጠብቃል። ፊደሉ አልተለወጠም። እንግሊዝኛው «ፋስት» ግን በማጥበቅና በማላላት እንኳ አይለይም፤ አጠገቡ ያለውን ቃል ማየት ግድ ነው።