ፋኑ ለምን አይዞርም? የትንንሽ መኪኖች ሙቀት፤ ጥያቄና መልስ

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በነዚህ ዓመታት አልቆ የማያልቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ “መኪናዬ ትሞቃለች፣ ፋኗ አይዞርም።” ጠይቁኝ ብዬ በሩን ስከፍት ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ቶሎ ቶሎ እየመለስኩ ልሂድ።

ጥያቄ፦ የ2007 ቪትዝ አለችኝ። ከመገናኛ ቦሌ በመጨናነቅ ስሄድ ቀዩ የሙቀት መብራት ይበራል። ቀለበት መንገድ ላይ ወጥቼ ትንሽ ስሮጥ ይጠፋል። መካኒኩ ራዲያተር ይቀየር ብሎኛል። ልግዛ?

ተው፣ ብርህን ያዝ። ምርመራውን አንተው ጨርሰኸዋል። መኪና ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ከፊት ገብቶ ራዲያተሩን፣ ማለትም የሞተሩ ውሃ የሚበርድበትን ዕቃ፣ ያበርደዋል። ቆሞ ሲሆን ግን ነፋስ የሚያመጣለት ፋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆማ የምትሞቅ፣ ስትሮጥ የምትበርድ መኪና የምትከሰው ፋኗን ነው። ከተማ ውስጥ ደህና ሆና እንጦጦን ስትወጣ ወይም በ100 ስትነዳት የምትሞቅ ከሆነ ደግሞ ፋኑን እርሳው። ያኔ የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይከፈት ቴርሞስታት (ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍት ቫልቭ) ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ነው የሚፈለገው። “መቼ ነው የምትሞቀው?” ብሎ ሳይጠይቅ ዕቃ የሚያስገዛ መካኒክ እየገመተ ነው፤ የሚገምተው ደግሞ በአንተ ኪስ ነው።

አሁን ሞተር አስነሳና ኤሲ ክፈት። አንድ ፋን ባላቸው ትንንሽ መኪኖች ኤሲው ሲሠራ ፋኑም አብሮ መነሳት አለበት። ከተነሳ ዲናሞው (ፋኑን የሚያዞረው ሞተር)፣ ፊውዙና ሽቦው ደህና ናቸው፤ ጥርጣሬው ወደ ሙቀት ሴንሰሩ ይሄዳል። ካልተነሳ ቀጣዩን መልስ አንብብ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኤሲ ከፍቼ ሞከርኩት፣ አልዞረም። ኤሲው ግን ጋዝ ካለቀበት ሁለት ዓመት ሆኖታል።

እንግዲያው ፈተናው አልተቆጠረም። ጋዝ ከሌለ የግፊት መቆጣጠሪያው ኤሲውን አያስነሳም፤ ፋኑም ትእዛዝ ላይደርሰው ይችላል። ወደ ዲናሞው ቀጥታ እንሂድ። ቁልፉን አጥፋ። የፋኑን ሶኬት ንቀል። ከባትሪው ሁለት ሽቦ አምጥተህ፣ መሃሉ ላይ ፊውዝ አስገብተህ፣ ለዲናሞው ስጠው። በደንብ ከዞረ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከሱ በፊት ነው። ካልዞረ በካቻቢቴ እጀታ ጀርባውን ቀስ አድርገህ መታ መታ አድርገው። በዚህ ከተነሳ ዲናሞው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን አልቋል። ዛሬ ይሠራል፣ ነገ መንገድ ላይ ያስቀርሃል።

ዲናሞው ደህና ከሆነ ኮፈኑ ሥር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ክፈት። የፋኑ ፊውዝ ብዙ ጊዜ 30 አምፔር ነው። ተቃጥሎ ካገኘኸው ዝም ብለህ አትቀይር፤ ያቃጠለው ነገር አለ። አንዳንዴ ኩሽኔቱ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት) የደረቀ ዲናሞ ነው፤ ለመዞር ሲታገል ብዙ አምፔር ይስባል። ከፊውዙ ቀጥሎ ሪሌው ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ለፋኑ ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው። የክላክሱ ሪሌ ተመሳሳይ ቁጥርና እግር ካለው አቀያይራቸው። ፋኑ ዞሮ ክላክሱ ዝም ካለ ሌባው ተያዘ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው እምቢ ካለ ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ሽቦ፣ እይ። ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። ጀማሪ እያለሁ አንድ ደንበኛ አዲስ ዲናሞ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ አስገዛሁት። ገጠምኩ፣ አልዞረም። ሪሌ ቀየርኩ፣ አልዞረም። ግማሽ ቀን ፈጅቶብኝ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ቻሲው ላይ የታሰረች፣ አረንጓዴ ዝገት የበላት አንዲት የማሳ ሽቦ ነበረች። በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ አሰርኳት። የድሮው ዲናሞ ተመልሶ ሲገጠም እንደ አዲስ ዞረ። ሰውየው ምንም አላለኝም። ዝም ብሎ አየኝ፤ ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ስሄድ ሴት ናት ብለው ያልሆነ ነገር ይቀይሩብኛል። ሳልሄድ ራሴ ማየት የምችለው ነገር አለ?

አለ፣ እህቴ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺና ውሃው እስከ አፉ መሙላቱን እዪ። ዝጊው። መኪናዋን አቁመሽ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጪ) አስነሻት፤ ኮፈኑን ከፍተሽ ጠብቂ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ፋኑ ድንገት ሽው ብሎ መነሳት፣ ትንሽ ዞሮ መቆም፣ እንደገና መነሳት አለበት። እንዲህ እየተመላለሰ ከሠራ ፋን ይቀየር የሚልሽን አትስሚ። ቀዩ መብራት በርቶም ካልተነሳ ወዲያው አጥፊያት።

አንድ ነገር አደራ፤ ነጠላ ወይም ሻርፕ አድርገሽ ወደ ፋኑ አትጎንበሺ። ሳያስጠነቅቅ ነው የሚነሳው። የሞቀ ራዲያተር ክዳንም አይነካም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ ይብረድ።

ጥያቄ፦ የኔ ግራ የሚያጋባ ነው። የሙቀት ጌጁ (ጠቋሚው) መሃል ላይ ነው፣ ፋኑ አልተነሳም፣ ውሃው ግን ፈልቶ በሪዘርቩ (በትርፍ ውሃ መያዣው) ይገነፍላል። ፋኑ ነው አይደል?

አይመስለኝም። ይህ ጥያቄ ግን ደስ ይለኛል፤ የአዲስ አበባ በሽታ ስለሆነ።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። የብዙ ትንንሽ መኪኖች ፋን የሚነሳው ደግሞ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየኸው? ራዲያተሩ ግፊት ካልያዘ ውሃው የሚፈላው ፋኑ ሳይነሳ ነው። ሰው ፋኑን ይራገማል፤ የፋኑ ሰዓት ግን ገና አልደረሰም።

ግፊቱን የሚይዘው ክዳኑ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያለህ፤ ክዳኑ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ጤነኛ የ1.1 ክዳን እዚህ ከተማ ውስጥ የውሃውን መፍያ ከ115 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን እንደ ሻይ ጀበና ክዳን ነው፤ መሸፈን እንጂ ማፈን አይችልም። ክዳኑን በትክክለኛው ቁጥር ቀይር። የቧንቧ ውሃውን ትተህ ኩላንት (ለራዲያተር የተሠራውን ፈሳሽ) ሙላ፤ መፍያውን ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል፣ ዝገትም ይከላከላል። ከዚህ በኋላም ቢገነፍል፣ በተለይ ቀዝቃዛ ሞተር ገና እንደተነሳ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ የሚንፈቀፈቅ ከሆነ፣ ጓርኒዚዮኑን፣ ማለትም በሞተሩ አካልና በላይኛው ክፍል መሃል ያለውን ማሸጊያ፣ አስፈትሽ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር። ውሃ ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ይቀራል፤ በትክክል ማንበብ ያቆማል። ጌጁ ሲወርድ ሰው “እሰይ በረደች” ብሎ ይነዳል፤ ፋኑም ሞቋል የሚል ወሬ ስላልደረሰው አይነሳም። ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ የሚጣመመው እንዲህ ነው። ኩላንት ቀይረህ አየሩን በደንብ ካላስወጣህም ይኸው ይገጥምሃል።

ጥያቄ፦ መካኒኬ “ለኢትዮጵያ ቴርሞስታት አያስፈልግም” ብሎ አውጥቶ ጣለው። እውነት ነው?

አይደለም። ቴርሞስታቱ ብዙ ጊዜ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ሥራው ሞተሩን ቶሎ አሙቆ በልኩ ማቆየት ነው። ሲወጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚመለስ ዳገት ላይ ጭራሽ ያሞቃል። አዲስ ግዛና አስገባው። ከመግጠምህ በፊት ውሃ ውስጥ ጥደህ ሲከፈት በዓይንህ እይ፤ ምድጃ ካለህ ነገሩ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ተቃራኒ ነው። ቁልፍ ስከፍት ጀምሮ ፋኑ ያለ እረፍት ይዞራል፣ የሞተር መብራትም በርቷል።

የሙቀት ሴንሰሩ ወይም ሶኬቱ ነው የሚመስለው። ኮምፒዩተሩ ከሴንሰሩ የማይታመን ወሬ ሲደርሰው “እንግዲህ ከሚቃጠል ይዙር” ብሎ ፋኑን ያስነሳል። ስካነር (የኮምፒዩተሩን የስህተት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ካለህ ከፒ 0115 እስከ ፒ 0118 ካሉት ኮዶች አንዱን ታገኛለህ። በቴስተር ለመለካት ከፈለግህ፣ ቶዮታዎች ላይ ሴንሰሩ በ20 ዲግሪ 2.5 ኪሎ ኦም ገደማ፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 0.3 ገደማ ያሳያል። ሲሞቅ ቁጥሩ ይወርዳል። የማይወርድ ከሆነ ቀይረው።

ጥያቄ፦ ሁሉን ትቼ ፋኑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ባሳስረውስ?

መንገድ ላይ ለቀረ ሰው መፍትሔ ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ለዘለቄታው ግን አልወደውም። ያለ ሪሌና ያለ ፊውዝ በቀጭን ሽቦ የታሰረ ፋን ሽቦ ያቀልጣል፤ ከዚያ የሚመጣውን አልነግርህም። የግድ ከሆነ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ፊውዝና የራሱ ሪሌ ይኑረው።

ጥያቄ፦ ዲናሞ ካስቀየርኩ ወዲህ ፋኑ በደንብ ይዞራል፤ መኪናው ግን ከበፊቱ ብሶበታል።

ሽቦው ተገልብጦ ታስሮ ይሆናል። ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ ከተቀመጠ አየር ከፊት መሳብ አለበት። ፋኑ እየዞረ አንድ ሶፍት ከመኪናው ፊት ለፊት ግሪሉ ላይ አስጠጋ። ከተለጠፈ ልክ ነው። ወደ አንተ ከተነፋ ሁለቱን ሽቦ አቀያይራቸው፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ነው የምኖረው። ያሪሴ ስሄድ ኤሲዋ በረዶ ነው፤ ቀይ መብራት ላይ ስቆም ሙቅ አየር ትነፋለች። ጋዝ ሁለት ጊዜ አስሞላሁ።

ጋዙን ተወው፣ ፋኑን እይ። የኤሲው ኮንደንሰር (ጋዙ ሙቀቱን የሚያወጣበት) ያለው ራዲያተሩ ፊት ነው፤ ቆመህ የሚያበርደው ያው ፋን ነው። የደከመ ዲናሞ እየዞረ ይመስላል፣ አየር ግን አይስብም። የናንተን አገር አሸዋ ደግሞ አትርሳ። ኮንደንሰሩንና ራዲያተሩን በዝቅተኛ ግፊት ውሃ አሳጥበው፤ በከፍተኛ ግፊት ከሆነ ክንፎቹ ይተኛሉ።

ጥያቄ፦ ሞተር ካጠፋሁ በኋላ ፋኑ መዞሩን ይቀጥላል። ጤና ነው?

አንዳንድ መኪና ለጥቂት ደቂቃ እንዲህ ያደርጋል፤ ጤና ነው። ባትሪ እስኪጨርስ ከዞረ ግን አይደለም። ሪሌውን ንቀል። ከቆመ ሪሌው ውስጡ ተጣብቆ ይሆናል። ካልቆመ አንድ ሰው የሆነ ቦታ በቀጥታ አስሮታል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ከፋን ጣጣ ተገላገልኩ?

ሙሉ በሙሉ አይደለም። ብዙዎቹ ባትሪያቸውን በፈሳሽ ያቀዘቅዛሉ፤ ፊት ለፊት ራዲያተርና ፋን አላቸው። ቻርጅ ስታደርግ ፋኑ ቢነሳ አትደንግጥ።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ነው ያለሁት። ፋኑ ሞቷል፣ ዛሬ ማታ አዲስ አበባ መግባት አለብኝ። ልምጣ?

የሚሠራልህ ሰው እዚያው ካገኘህ አሠርተህ ና። ካላገኘህ ውሃውን ሙላ፣ ሁለት ጠርሙስ ያዝ፣ በፍጥነት መንገዱ ና። በ80 አካባቢ ንፋሱ ይበቃሃል። ጉዱ ቱሉ ዲምቱ ስትወጣ ነው የሚጀምረው። ኤሲ አጥፋ፣ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈት፣ መስኮቶቹን አውርድ፤ ሞተሩ ላይ ካለው ሙቀት ይቀንስልሃል፣ አንተ ግን ትላብባለህ። መጨናነቅ ሲይዝህ ሞተር አስነስተህ አትቁም፤ ጥግ ያዝና አጥፋ። ቀዩ መብራት ከበራ አንድ ኪሎ ሜትርም እንዳትጨምር። ሰው ውሃ ይዞ እየሮጠ ሲመጣ ደግሞ ከልክለው፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቴስታታ ይሰነጥቃል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ብትነሳ ቃሊቲ ቀለል ይልልሃል።